ክብሪቱን የሰረዝኩበት ገጽ

መጀመሪያ የሰረዝኩት ዓረፍተ ነገር ይሄ ነበር፦ «የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ወደ አፍንጫው ማስጠጋት ወዲያው ያነቃዋል።» እኔ ወር ሙሉ ተጨንቄ የጻፍኩት ገጽ መሃል ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ሰክቶት ሄዷል። ጠዋት ነው፤ ገና ሻዬን እንኳ አልቀመስኩም። ደሜ ፈላ። ሰረዝኩትና በምክንያት መስጫው ላይ «ምንጭ የሌለው የመንደር ወሬ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሻዬን አፈላሁ።

ገጹ ያለው ማንም ገብቶ በሚጽፍበት፣ ማንም በሚያርመው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ውስጥ ነው። በሌሎቹ ቋንቋዎች ሰው እየተሻማ ይጽፍበታል ይላሉ። በአማርኛው በኩል ብዙውን ቀን የማገኘው የራሴን እጅ ነው፤ ትናንት የጻፍኩትን ዛሬ አርማለሁ፣ ዛሬ ያረምኩትን ነገ ደግሜ አየዋለሁ። አልፎ አልፎ አንድ ተማሪ ይገባና ስለ ትምህርት ቤቱ ሁለት መስመር ጽፎ ይጠፋል። እንኳን ደህና መጣህ ብዬ እጽፍለታለሁ። መልስ የለም።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ስህተት ስለቅም ኖሬ፣ ጡረታ ሲያወጡኝ እጄ የሚይዘው አጣ። ከባለቤቴ ጋር ዕጣ ደርሶን ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ገባን፤ ሁለት ዓመት ሳንኖርበት እሷ አረፈች። ልጅ አልሰጠንም። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፤ ውሃ በሚመጣበት ቀን ጄሪካኔን ደረጃው ላይ ካዩት ይዘውልኝ ይወጣሉ። ግን ጠዋት በራቸውን ቆልፈው ወደ ሥራ ይሮጣሉ፣ ማታ ደክሟቸው ይገባሉ። አንዳንድ ቀን የራሴን ድምፅ የምሰማው ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ስል ብቻ ነው። ለዚህ ስል ያለ ጉዳዬ ታክሲ የተሳፈርኩበት ቀን አለ። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም።

ሰው ደግሞ የሚያምነው ነገር አያልቅበትም። አንዱ መጥቶ መሬት ዝርግ ናት ብሎ ይጽፋል። ሌላው ጨረቃ ላይ የወጣ ሰው የለም፣ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ ነው ይላል። ነጭ ሽንኩርት የማያድነው በሽታ የለም የሚል አለ፤ እሱማ ከስኳር በሽታ እስከ ራሰ በራነት በየገጹ ነው የሚዞረው። እንዲህ ዓይነቱን የምንይዝበት ደንብ አለን። እምነቱን እንደ እውነት አትጽፈውም። አታጠፋውምም፤ ማን እንደሚያምነው፣ የመረመሩት ሰዎች ምን እንዳሉ፣ ከነምንጩ ለይተህ ታስቀምጠዋለህ። ምንጭ ማለት ደግሞ የታተመ ነገር ነው። «በዓይኔ አይቻለሁ» አይሠራም።

ደንቡን አውቅበታለሁ፤ ጉራ አይደለም። አንዴ ስለ ጅብ በተጻፈው ገጽ ላይ፣ ጅብ ምን ይበላል ከሚለውና እንዴት ይወልዳል ከሚለው መሃል፣ አንድ ሰው «አንዳንዱ ጅብ ቀን ቀን ሰው ነው» ብሎ ጽፎ አገኘሁ። ብቻዬን ሳቅኩ፤ ሳቄን ባዶ ሳሎን ውስጥ ስሰማው ራሴ ደነገጥኩ። ግን አልሰረዝኩትም። «ስለ ጅብ የሚነገሩ እምነቶች» የሚል ክፍል ከፈትኩ፣ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ምንጭ ፈለግሁ፣ የሰውየውን ቃል አስተካክዬ እዚያ በክብር አስቀመጥኩት። ያን ቀን ደመወዝ የተቀበልኩ ያህል ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ክብሪቱ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። የጻፈው ሰው ስም የለውም፤ በስሙ ቦታ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። አሁን ደግሞ ረዘም አድርጎታል፦ «ብዙ ሰው የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ባትሰርዙት ጥሩ ነው።» ኧረ በሕግ! ሰረዝኩት። በሳምንቱ ደግሞ መጣ። ደግሜ ሰረዝኩትና «ይህ ቦታ የወሬ መለጠፊያ ግድግዳ አይደለም፤ እባክዎ አይድከሙ» ብዬ ጻፍኩ። ለጅቡ መጽሐፍ ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት የሄድኩ ሰውዬ፣ ለክብሪቱ አንዲት መስመር ነፈግሁት። ሰዉ የሚያምነው መሆኑንማ ከማንም በላይ አውቃለሁ። አንድ ሥራ ፈት ጎረምሳ በስልኩ እየቀለደብኝ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

እውነቱን ልናገር፤ የተናደድኩት ለደንቡ ብዬ አልነበረም።

እህት ነበረችኝ፤ ታናሼ ናት። ያደግነው ነፋስ ስልክ ነው፣ አምስት ቤተሰብ አንድ ግቢ በሚኖርበት ቤት። የሚጥል በሽታ ነበረባት። ስትወድቅ ግቢው ሁሉ ይሸሻል፤ የአፏ አረፋ ከነካህ በሽታው ይጋባብሃል ይባል ነበር፣ ልጆቻቸውን እየጎተቱ በር ይዘጋሉ። እናቴ ራሷን ትይዛለች። ክብሪት መጫር የእኔ ሥራ ነው። አንድ እንጨት እጭርና እፍ ብዬ ጭሱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋለሁ፤ ከዚያ ሁለተኛውን፣ አንዳንዴ አራተኛውን። ከዚያ ትረጋጋለች፣ ዓይኗን ትገልጣለች። እኔ ነበርኩ የምመልሳት፤ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። እሷ ደግሞ እንደነቃች አፍንጫዋን እየጠረገች «ዛሬም እንደ ንብ አጨስከኝ?» ትለኛለች። ቀልደኛ ነበረች።

እሷ አሥራ አራት፣ እኔ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ እናቴ ለቅሶ ሄዳለች፣ እህትህን እይ ተብዬ ቤት ቀርቻለሁ። ያን ሰሞን ሲጋራ ጀምሬ ነበር። የቤቱን ክብሪት ጠዋት ኪሴ ከትቼ ወጥቼ፣ ከአጥሩ ጀርባ ከጓደኞቼ ጋር አጭሼ፣ እዚያው ረስቼው ተመልሻለሁ። እሷ መሬት የተነጠፈው ፍራሽ ላይ ወደቀች፣ በግንባሯ። ሮጬ ክብሪቱን ከቦታው ብፈልግ የለም። ማድቤት የለም። ወጣሁ። የመጀመሪያው ጎረቤት በር ተዘግቷል። ሁለተኛዋ «ክብሪት የለኝም» አለችኝ። አስፋልቱን ተሻግሬ ሱቅ ሄድኩ፤ ባለሱቁ ለሌላ ሰው ስኳር እየመዘነ ነበር፣ ለመንኩት። ክብሪቱን ይዤ ስመለስ መንቀጥቀጡ ቆሟል። ፊቷ እንደተደፋ ነው። ገለበጥኳት፣ ጫርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ሳጥኑ እስኪያልቅ ጫርኩ። እናቴ ከለቅሶ ስትመለስ የገባችው ጭስ የሞላበት ቤት ነው።

ማንም አልወቀሰኝም። ክብሪቱን ማን እንደወሰደው ማንም አላወቀም፣ የጠየቀም የለም። ለባለቤቴ እንኳ ሳልነግራት ሞት ለየን። ክብሪቱ በቦታው ቢሆን ኖሮ ትነቃ ነበር፤ ከአርባ ዓመት በላይ ይህን ይዤ ኖርኩ።

ታዲያ መዝገበ ዕውቀቱ ውስጥ ስለሚጥል በሽታ ሁለት መስመር ብቻ ተጽፎ አገኘሁና ላስፋፋው ብዬ የሕክምና መጻሕፍት ማንበብ ጀመርኩ። እዚያ ነው ያየሁት። መንቀጥቀጡ ብዙውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይቆማል። ጭሱ የሚሠራው አንዳች ነገር የለም፤ ክብሪት ተፈልጎ፣ ተጭሮ፣ እፍ ተብሎ እስኪደርስ ሰዓቱ ራሱ ያልፋል፣ ከዚያ የሚመሰገነው ክብሪቱ ነው። መጽሐፉን ዘግቼ መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ክብሪቱን እኔ ብወስደውም እህቴን የገደላት ያ አይደለም ማለት ነው! ተቀመጥኩ። ስንት ዓመት የተሸከምኩት ወረደልኝ። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ ክብሪት ያነቃል ብሎ በጻፈ ቁጥር ለእኔ የጻፈልኝ ሌላ ነገር ነው፤ ገድለሃታል ነው የሚለኝ። ያ ዓረፍተ ነገር እዚያ ገጽ ላይ እንዲያድር አልፈልግም ነበር። ነገሩ ይኸው ነው።

ከሦስተኛው ስረዛ በኋላ ባለ ቁጥሩ ሰው በገጹ የውይይት ክፍል ጻፈልኝ።

«ጤና ይስጥልኝ። ሦስቴ የሰረዙብኝ እርስዎ ነዎት መሰለኝ። እኔ እናት ነኝ፣ መካኒሳ ነው የምኖረው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስትወድቅ ክብሪት እጭራለሁ፣ ትነቃለች። ያየሁትን ነው የጻፍኩት። በስምዎ የተጻፈውን ስከታተል የጅቡን ገጽ አገኘሁና አነበብኩት። ለጅቡ የሰዉን እምነት ክፍል ሰጥተው አስቀምጠውታል። የእኔን ለምን ይጥሉታል?»

ጉዴ ፈላ። ጎረምሳዬ እናት ሆና ቁጭ አለች። አፍሬ ነበር፤ ግን እልኸኛ ነኝ፣ ባለቤቴ ብትኖር ትመሰክር ነበር። ስለ ጊዜው አስረዳኋት፤ መንቀጥቀጡ በራሱ እንደሚቆም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሰዓት ይዛ ብታየው እንደምታረጋግጥ ጻፍኩላት። በማግሥቱ መለሰች፦ «ልጄ መሬት ላይ ስትንፈራገጥ ሰዓት የሚያይ ልብ ከየት ላምጣ? እርስዎ መቼም እንዲህ ያለ ሰው ቤትዎ ውስጥ ኖሮ አያውቅም።»

«ምንጭ ካለዎት ያቅርቡ» አልኳት። አቤት ድርቅናዬ።

እንዲህ እየተባባልን ሳምንታት ሄዱ። እየተናደደችብኝም ቢሆን ትጽፋለች። ልጇ መድኃኒት እንደምትወስድ፣ አንድም ቀን አቋርጣባት እንደማታውቅ፣ ጸበልም እንደምትወስዳት ነገረችኝ። ትምህርት ቤት አጠገቧ የሚቀመጥ ልጅ እንደጠፋ ነገረችኝ። እኔም መድኃኒቱን አያቋርጡ እያልኩ፣ በክብሪቱ ነገር ግን ንቅንቅ ሳልል እመልሳለሁ። ልደብቀው አልፈልግም፤ ደስ ይለኝ ነበር። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ነው ገጹን የምከፍተው። አንድ ሰው ሊሞግተኝ ቁጭ ብሎ አስቦ ጽፏል! ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ይዤ መካኒሳን ሳልፍ በመስኮት ሰፈሩን እቃኛለሁ፤ የልጅ እጅ የያዘች ሴት ሁሉ እሷ ትመስለኛለች።

አንድ ጠዋት እንዲህ የሚል አገኘሁ።

«እሺ፣ ልመንዎት። ክብሪቱ ምንም አይሠራም እንበል። ታዲያ ስትወድቅ ምን ላድርግ? ገጽዎን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ስለ አንጎል አለ፣ ስለ መድኃኒት አለ። በዚያች ሰዓት እናት ምን ታድርግ የሚል የለም። ክብሪቱን ከእጄ ወሰዱት፤ ባዶ እጄን ቆሜ ልያት?»

ልክ ናት፣ የለም። ረስቼው አልነበረም፤ ዘልዬው ነው። ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ «ምን ይደረግ» የሚል ክፍል ነበራቸው፤ አንብቤዋለሁ። በኋላ እጽፈዋለሁ ብዬ ገጹን ገልብጬ አለፍኩ፣ ይኸው ወራት ሆነው። አርባ ዓመት ሸክም ተሸክሞ የኖረ ሰው፣ ሸክሙን የሚያወርድለትን ዓረፍተ ነገር ብቻ መርጦ ወደ አማርኛ አመጣ። በእኔ ምርጫ ምክንያት መካኒሳ ውስጥ አንዲት ሕፃን ስትወድቅ እናቷ የምታደርገውን አታውቅም።

ሁለት ቀን ኮምፒውተሩን አልከፈትኩም። ቤት ጠረግሁ፣ የተጠረገውን ደግሜ ጠረግሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቁጭ አልኩና መጽሐፉን ከፍቼ ክፍሉን መጻፍ ጀመርኩ። በዙሪያው ሊጎዳው የሚችል ነገር ካለ ያርቁ። ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉ። እንዲተነፍስ በጎኑ ያስተኙት። አፉ ውስጥ ምንም ነገር አይክተቱ፣ ጨምድደውም አይያዙት። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና ያድርሱት። እስከዚህ ድረስ እጄ እንደ ድሮው እንደ አራሚ እጅ ሠራ። የቀረችው አንዲት መስመር ናት፦ እስኪነቃ ድረስ ከአጠገቡ አይራቁ።

እዚያች ላይ ቆምኩ። ክብሪቱ ከንቱ ከሆነ፣ እኔ ያን ቀን እህቴን በግንባሯ ተደፍታ ትቻት የሮጥኩት ለከንቱ ነገር ነው። ሁለት በር አንኳኩቻለሁ፣ አስፋልት ተሻግሬያለሁ፣ ስኳር ተመዝኖ እስኪያልቅ ቆሜያለሁ። በጎኗ ባዞራት፣ ዝም ብዬ አጠገቧ ብቀመጥ ትተነፍስ ነበር። ክብሪቱን መስረቄ አልገደላትም። ትቻት መሄዴ ነው። ይህን ለማወቅ የሕክምና መጽሐፍ አያስፈልገኝም ነበር፤ ብቻ እንዲህ አድርጌ አስቤው አላውቅም ነበር። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ ድምፅ አውጥቼ። ማን ይሰማኛል።

ስጨርስ መስመሯን ጻፍኳት። የክብሪቱንም እምነት ምንጭ ፈልጌለት፣ ልክ እንደ ጅቡ ክፍል ከፈትኩለት፤ ብዙ ሰዎች እንደሚያምኑበት፣ ለምን የሠራ እንደሚመስል፣ የሕክምና ሰዎች ምን እንደሚሉ። ከሥሩ አንድ ነገር መጨመር ፈለግሁ፦ ክብሪት ፍለጋ ብሎ የወደቀን ሰው ትቶ መሄድ ሊገድለው ይችላል። ግን ምንጩ ማነው? እኔ። በዓይኔ ያየሁት። ደንቡ አይፈቅድም፤ ስንት ሰው በዚህ ደንብ መልሻለሁ፣ እሷንም ጭምር። ስለዚህ ገጹን ተውኩና ለእሷ በውይይቱ ክፍል ጻፍኩላት።

«እመቤቴ፣ እንዲህ ያለ ሰው ቤትዎ ኖሮ አያውቅም ብለውኝ ነበር። እህት ነበረችኝ» ብዬ ጀመርኩ። ፍራሹን፣ የጠፋውን ክብሪት፣ የሮጥኩበትን መንገድ ሁሉ ጻፍኩ። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው፤ ፊቷን ለማላውቃት ሴት፣ ማንም ገብቶ ሊያነበው በሚችል ቦታ። መጨረሻ ላይ «በእርስዎ ላይ የጨከንኩት ለእውነት ብዬ ሳይሆን ከፍርሃት የተነሳ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ልጅዎ ስትወድቅ ምንም ነገር ፍለጋ እንዳይሄዱ» አልኩና ላክሁት።

መልስ የለም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ገጹን በቀን አሥር ጊዜ እከፍታለሁ። የፈራሁትን መዓት እግዜር ያውቃል፤ ነፍሰ ገዳይ ነው ብላ ሸሸችኝ እላለሁ፣ ወይ ልጅቷን አንድ ነገር አገኛት እላለሁ። ሌላ ሥራ ልሥራ ብዬ ስለ ወፎች የተጻፈ ገጽ ከፍቼ፣ አንድ አንቀጽ ሳላርም ወደዚያው እመለሳለሁ። ቤቱ ከባለቤቴ ሞት ወዲህ እንደዚያን ሰሞን ጭር ብሎብኝ አያውቅም። አንድ የምትጣላኝ ሰው ነበረችኝ፣ እሷንም አጣኋት ብዬ ሆድ ባሰኝ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ያ ቁጥር ተመልሶ መጣ።

«ስልኬ ተበላሽቶ ነበር። የጻፉልኝን ያነበብኩት ገና ቅዳሜ ነው፤ ለባለቤቴም አነበብኩለት። ትናንት ቁርስ ላይ ወደቀች። እጄ ክብሪት ሊፈልግ ተነስቶ ነበር፣ መለስኩት። በጎኗ አስተኛኋት፣ ነጠላዬን አጣጥፌ ከራሷ ሥር አደረግሁ፣ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በጣም ረዘመብኝ፤ ግን አለፈ። ስትነቃ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ስለ እህትዎ እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

እግዚአብሔር ያጽናዎት። እህቴ የሞተች ጊዜ ይህን ቃል ሁሉም ለእናቴ ነበር ያለው፤ እኔን ያለኝ ሰው አልነበረም፣ ቢለኝም አልቀበለውም ነበር። «አሜን» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ለልጅቷም ለእናቲቱም ከልቤ ደስ አለኝ። ከዚያ ቀናሁባት፤ ስትነቃ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው ብላ መጻፍ በመቻሏ፣ እኔ ሽማግሌው፣ ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ ቀናሁባት።